የጀማሪ ጊታር ተጫዋች ጠባይና የኤፍ ኮርድ ጉዳይ፦ አጭር ጥናት

ጀማሪ ጊታር ተጫዋች በአብዛኛው በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የሚገኝ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ድምፅ የሚያሰማ ፍጡር ነው። ከሌሎች ሙዚቀኞች የሚለየው የአንድ ዘፈን መግቢያ ብቻ በማወቁ ነው። የዘፈኑን መጨረሻ ሰማሁ ብሎ የሚመሰክር ጎረቤት አልተገኘም።

ጀማሪው ዝግ ያለ የፍቅር ዘፈን ይመርጣል። ለምን ሲባል፣ «ቀስ ስለሚል ይቀላል» ይላል። እምነቱ ሊፈተሽ ይገባዋል። በፈጣን ዘፈን ስሕተት በግርግር ያልፋል፤ ዝግ ባለው ግን ተንሰራፍቶ ይቀመጣል፣ አድማጭም ተመቻችቶ ይሰማዋል።

የዘፈኑ ኮርዶች አራት ናቸው፦ ሲ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ እና ጂ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ብዙ የአሜሪካ የፍቅር ዘፈኖች በዚሁ ቅደም ተከተል ተሠርተዋል። ከሲ ወደ ኤ ማይነር ለመሄድ ቦታ የሚለቀው አንድ ጣት ብቻ ስለሆነ፣ ጀማሪው እዚህ ላይ ተሰጥኦ እንዳለው ይደርስበታል፤ ለጓደኞቹም ያሳውቃል። ቀጥሎ ኤፍ ይመጣል። ሌባ ጣት በስድስቱም ክሮች ላይ ይጋደማል፤ ሦስቱ ጣቶች ከፊቱ ይሠማራሉ። ሁለቱ ክሮች ድዳ ይሆናሉ፣ አንዱ ይንጫረራል፣ አውራ ጣት ከጀርባ ያልበዋል። «ውዴ» ከተባለ በኋላ ቀጣዩ ቃል እስኪመጣ ጎረቤት ወጥ አማስላ ትመለሳለች።

አስተማሪዎች በአራቱ ቀጫጭን ክሮች ብቻ የሚያዝ አነስተኛ ኤፍ ይፈቅዳሉ። ጀማሪው ግን ክብሩን ስለሚነካው አይቀበልም።

አበው በጉዳዩ ቀድመው የመከሩበት ይመስላል። ትዝታ ሜጀር የተባለው ቅኝት ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ በአምስት ድምፅ ያበቃል፤ ፋ፣ ማለትም ኤፍ፣ የለበትም። ይህን እንደ አጋጣሚ መቁጠር ለጎረቤት ደኅንነት የነበራቸውን አሳቢነት ማቃለል ነው።

ወራት አልፈው የጣት ጫፍ ሲጠነክር ኤፍ መጥራት ይጀምራል፤ ሕንፃውም እፎይ ይላል። እፎይታው አይዘልቅም። ጀማሪው እጁ ነፃ ስለወጣ ሙሉ ትኩረቱን ወደ መዝፈን ያዞራል። እስከዚያ ድረስ ድምፁ እየተቆራረጠ ይወጣ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም። ጎረቤቶች ኤፍ እንዲቃናለት ከመመኘታቸው በፊት ይህን እንዲያስቡበት ጥናቱ ያሳስባል።