ጎብኚና ጎብኚ

የዛሬ ቱሪስት ችኩል ነው፤ ጠዋት የጎንደርን ግንብ አይቶ፣ ዳባትን በእንቅልፉ አልፎ፣ ከሰዓት ስሜን ተራሮች ላይ ከጭላዳ ጋር ፎቶ ይነሳል። ጉብኝትስ የጥንቱ ጣሊያን! ሳይጠሩት መጥቶ አምስት ዓመት ተቀመጠ፤ የሊማሊሞን መንገድ እንኳ ለራሱ መመላለሻ ጠረበ። የወልቀፊት ምሽግማ በጣም ስለተስማማው፣ ጃንሆይ አዲስ አበባ ከገቡ ወራት አልፈውም እስከ መስከረም 1934 አልወጣም አለ። ለማስታወሻም ጀበና አልገዛም፤ የአክሱምን ሐውልት ጭኖ ሄደ። ሐውልቱ እስከ 1997 ሮም ከረመ፤ ቪዛ ያለው የለም። የዳባት ልጅ ግን ሮምን ሦስት ቀን ልይ ቢል የባንክ ደብተር፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የመመለሻ ቲኬት አምጣ ይባላል። እውነታቸውን ነው፤ እንግዳ መስሎ ገብቶ አልወጣም ቢልስ?