ታንከሩ ተነሣ

ነሐሴ ውስጥ ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ጠዋት በር ስንከፍት፣ የጎረቤታችን የጋሼ ታንከር ከመሬት ተነሥቷል። አምና ዓመት ሙሉ ገንዘብ ፈሶበት የተቀበረው ታንከር ኮብልስቶኑን ፈንቅሎ ጥቁር ጀርባውን እንደ ጉማሬ ብቅ አድርጓል። ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳ ላይ ቆመው ያዩታል። ባለቤታቸው እትዬ ከኋላቸው መጡና፣

«ቀብሬዋለሁ አላልክም ነበር?» አሉ።

ለነገሩ ታንከር መቅበሩ ራሱ ሞኝነት አይደለም። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ያውም በውድቅት ሌሊት፣ ያውም ጉልበት አጥቶ። ማማ ላይ መውጣት አይችልም፤ ዝቅ ብሎ ለሚጠብቀው ግን ይገባል። ከዚያ በፓምፕ ወደ ላይ መግፋት ነው። እስከዚህ ድረስ ጋሼን የሚነቅፍ የለም። ነገሩ የተበላሸው ውሃ እንዳይገባበት ባደረጉት ጥንቃቄ ነው። ታንከሩን ሁለት ዙር በላስቲክ ጠቀለሉት። ቧንቧው የሚገባበትን ቀዳዳ በሲሊኮን ደፈኑት፣ አላመኑትም፣ ሬንጅ ደረቡበት። «ጠብታ አይገባም!» አሉ። እውነትም ጠብታ አልገባም። ግን ውሃ የማያስገባና ሆዱ ባዶ የሆነ ነገር ድሮም ስም አለው። ጋሼ ታንከር መስሏቸው ታንኳ ነው የቀበሩት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ታንከሩ 5000 ሊትር ይይዛል። አፈሩ ውሃ ሲጠግብ፣ ያንን ያህል ቦታ የያዘ ባዶ ዕቃ በ5 ቶን ጉልበት ወደ ላይ ይገፋል። ታንከሩ ራሱ የፕላስቲክ ነገር ነው፣ ጥቂት ሰው ተጋግዞ የሚያነሣው። በዚያ ሳምንት ፈረቃው ቀረ፣ ቤተሰቡም ታንከሩን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣው። ከታች ከኮንክሪት ጋር ያላሰሩት፣ ከላይ አንድ ክንድ አፈርና ኮብልስቶን ብቻ ያለበሱት ዕቃ ሌላ ምን ያድርግ?

ጎረቤት ሁሉ ምክር ይዞ መጣ። እኔም መጣሁ። እኔ በሌላው ታንከር ላይ ለመሳቅ መብት እንደሌለኝ ግን የቤቴ ሰው ሁሉ ያውቃል። የእኛ የኮንክሪት ነው፤ እስካሁን አልተንሳፈፈም። ተሞልቶ፣ ግድግዳው የሚጠጣውን ጠጥቶ፣ የውሃው ልክ በኖራ ተሰምሮበት፣ በማግስቱ ተለክቶ አልጎደለም። ብቻ ክዳኑ ከወለሉ ጋር እኩል ይሁን አልኩ፤ መኪና ሲያልፍ እንዳይነካው፣ ደግሞም ለዓይን እንዲያምር። ግንበኛው «አንድ ስንዝር ከፍ ይበል» ሲለኝ ግቢ የሚያበላሽ ሰው መሰለኝ። አንድ እሑድ መኪናዬን አጠብኩ። ሰኞ ጠዋት ሻያችን ሳሙና ሳሙና አለ። ብርጭቆ በደንብ አላለቀለቃችሁም ተብለው ልጆቹ ተገሠጹ። እኔ ዝም አልኩ።

የጋሼን ጉድጓድ የቆፈረው ልጅ ከሐረርጌ የመጣ ነበር። ገና አካፋውን ሲያነሣ አፈሩን በእጁ አፍተልትሎ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ዋልካ ነው። ውሃ ይተኛበታል። እኛ እዚህ ማሽላ አንቀብርም» ብሏቸው ነበር። በአገሩ ማሽላ የሚቀበረው ውሃ የማያቁርበት ከፍ ያለ ቦታ ተመርጦ ነው። ጉድጓዱ እንደ እንስራ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ይሆናል፤ ውስጡ በጭድ ወይም በአገዳ ይለብሳል፤ አፉ ተከድኖ በእበትና በጭቃ ይመረግና አፈር ይቆለልበታል። ያም ሆኖ ግድግዳውን የነካው እህል መሻገቱ አይቀርም፤ ገበሬው ያውቀዋል፣ ሲቀብርም አስቦበታል። ውስጥ የቀረችውን አየር ነቀዙና እህሉ ተንፍሰው ይጨርሷታል፤ ነቀዙም በዚያው ይታፈናል። ለዚህ ነው ጉድጓድ ሲከፈት ዘሎ የማይገባበት፤ ሳይናፈስ የገባ ሰው እንደ ነቀዙ ይቀራል።

ልጁ ይህን ሁሉ አካፋውን ተደግፎ አስረዳ። ጋሼ ግን «እኔ የምቀብረው ማሽላ አይደለም፣ ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ ውሃ አይፈራም» አሉት። በቀን ሒሳብ የሚሠራ ሰው ከዚህ በላይ አይከራከርም።

በነገራችን ላይ እኛም ቀባሪ ቤተሰብ ነን። አያቴ ማርትሬዛ በማድጋ ይቀብሩ ነበር ይባላል። ብር ነውና ቢረጥብም ይጠቁር እንደሆነ እንጂ አይሞትም። አክስቴ ዘዴውን ወረሰች፣ ወረቀት ግን ብር እንዳልሆነ የነገራት የለም። የገበያ ገንዘቧን፣ ላብና ቅቤ የነካውን፣ በክረምት ዝናብ መሀል በዱቄት ወተት ቆርቆሮ አጭቃ፣ በፌስታል ሰባት ጊዜ ጠቅልላ፣ በፕላስተር አስራ ጓዳ ውስጥ ቀበረችው። መስከረም 2013 የብር ኖት ለውጥ ሲታወጅ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነበርና ቆርቆሮው ወጣ። ፌስታሉ ደረቅ ነው፤ ከውጭ አንዲት ጠብታ አልገባችም። እርጥበቱን ከብሩ ጋር አብራ ነበራ የቀበረችው! የታሸገው አየር መሬቱ ሲቀዘቅዝ ቆርቆሮው ላይ ያልበዋል፤ መውጫ ስለሌለው ተመልሶ ብሩ ላይ ይንጠባጠባል። መቶ ብሮቹ እንዳደረ እንጀራ ተጣብቀው ወጡ። አንድ በአንድ ልጣ በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ሰቀለቻቸው፤ ከሥራቸውም በርጩማ ይዛ ውላ አደረች። አዲስ ጫማ ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት «መርዝ ነው» እያለች ስትጥል የኖረች ሴት ናት። የባንኩ ልጅ ብሩን ወደ አፍንጫው ጠጋ፣ ወዲያው ራቅ አደረገና፣ «እማማ፣ እህል ነጋዴ ነዎት?» አላት።

ወደ ጋሼ ልመለስ። መፍትሔው ታንከሩን አውጥቶ፣ ከታች ኮንክሪት አፍስሶ፣ ከዚያ ጋር ማሰር፣ አፈር ሲመለስበትም ውሃ ሞልቶ መቆየት ነበር። ጋሼ ግን ከባድ ነገር ከተጫነበት ይመለሳል ብለው በዚያ ዝናብ የውሃ ቦቴ አዘዙ። ቦቴው በር ላይ ዋልካው ውስጥ ሰጠመ፤ መስጠም የነበረበት ተንሳፍፎ መንሳፈፍ የማይመለከተው ሰጠመ። እሱን ለማስወጣት ሁለት ቀን ፈጀ።

ታንከሩ እስከ ዛሬ ወገቡ ድረስ ወጥቶ እንደቆመ ነው። የልጅ ልጆቻቸው እንደ ሸርተቴ ይንሸራተቱበታል። እንግዳ ሲመጣና ዓይኑ ወደዚያ ሲሄድ፣ ጋሼ ቀደም ይላሉ፦

«ሆን ብዬ ነው። ለጥገና እንዲመች።»