ከስድስት ኪሎ መውረድ

ስድስት ኪሎ፣ ከየካቲት 12 ሐውልት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ ሚዛን አስቀምጦ የሚሠራ ልጅ አለ። አምና በቃና ዘገሊላ ከጃንሜዳ ስመለስ ትከሻዬ ዝሎ ስለነበር፣ ቆም ለማለት ሰበብ ፈልጌ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ልጁ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሳ «84» አለኝ። ደነገጥኩ። ጡረታ የወጣሁ ሰሞን 78 ነበርኩ።

«ፋዘር፣ መጀመሪያ ቦርሳውን ያውርዱት» አለኝ፣ አሁንም ቀና ሳይል።

አወረድኩት። «78።»

ስንት ነው ብለው የሁለት ሰው ጠየቀኝ። 28 ዓመት የሰው ሒሳብ ሳጣራ የኖርኩ ነኝና ዝም ብዬ አልከፈልኩም፤ የወጣሁትም እኔ፣ የወረድኩትም እኔ፣ ሁለተኛው ሰው ማነው ብዬ ተከራከርኩ። «አንዱ እርስዎ፣ አንዱ ቦርሳው» አለኝ። መልስ አጣሁለት። ስድስት ኪሎ ላይ ቆሜ ስድስት ኪሎ ተሸክሜ እንደምዞር ያወቅሁት በዚህ ሁኔታ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከኪሎ ሜትር እንጂ ከኪሎ ግራም አይደለም ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ትከሻዬ ግን ለስም አመጣጥ ግድ የለውም።

ቁልቁል ወደ አምስት ኪሎ ስወርድ በብሔራዊ ሙዚየም ደጅ አለፍኩ። ድንቅነሽ ያለችው እዚያ ነው። ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር ብለን የምንኮራባት እሷ፣ ምንም ቦርሳ አልነበራትም። እኔ በደጇ ሳልፍ ግራ ትከሻዬ ወድቆ፣ አንገቴ ወደ ቀኝ ዞሮ፣ እጄ ጉልበቴን እያለፈ ነበር። አንድ ሁለት ሌንስ ብጨምር ኖሮ የሙዚየሙ ሰዎች መጥተው የሚለኩኝ ይመስለኛል።

ነገሩ የተጀመረው ጡረታ ስወጣ ነው። ሕጉ 25 ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ሳይሞላው፣ በ55 ጡረታውን እንዲያገኝ ይፈቅዳል። እኔም 55 እንደሞላኝ ማመልከቻዬን አስገባሁ። የሰው ኃይል ክፍል ያለችው ልጅ ምክንያቴን ስትጠይቀኝ በኩራት «ፎቶ ለማንሳት ነው» አልኳት። ከወረቀቷ ላይ ቀና ሳትል፣ «ሁለት ጉርድ ይበቃል ጋሼ» አለችኝ።

ቦርሳው ውስጥ የነበረውን ንብረት እንደ ልማዴ ቆጥሬ ላስረክብ። ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው፣ ቦዲው ብቻ 810 ግራም። 24-70 ሌንስ፣ 950 ግራም። 70-200፣ ነጩ፣ 1 ኪሎ ተኩል ሊሞላ 10 ግራም የጎደለው። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ፍላሽ፣ መለዋወጫ ባትሪዎች፣ ቻርጀር። በዚህ ሁሉ ላይ ባዶውን እንኳ ከባድ የሆነው ቦርሳ። ሁሉም በየዓመቱ፣ አንዱ ከዱባይ በዘመድ፣ ሌላው ከአሜሪካ በሰው በሰው ያስመጣኋቸው ናቸው። ትራይፖዱን አልቆጠርኩም፤ እሱን የሚሸከመው ሚኒባሱ ነበር፣ ለእሱም ወንበር ከፍዬለት አውቃለሁ።

ስለ ነጩ ሌንስ አንድ ነገር ልናዘዝ። ነጭ የሆነው ፀሐይ እንዳያሞቀው ነው ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ግን ሥራው ሌላ ነው። ነጭ ሌንስ እንደ ነጭ ጋቢ የያዘውን ሰው ያስከብራል። የአምናው ጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ምንጣፍ የሚያነጥፉት ወጣቶች ገና ሲያዩኝ «ለጋዜጠኛው መንገድ ልቀቁ!» እያሉ ሕዝቡን ገፉልኝ። አንዱ «የየት ጣቢያ ናችሁ?» አለኝ። «ናችሁ» ያለው እኔና ሌንሱን መሆኑ ነው። አንዲት እናት ደግሞ ከልጅ ልጃቸው ጋር አነሳኋቸውና «መቼ ነው የሚተላለፈው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ለእሁድ» አልኳቸው።

ለምን እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። የዚያን እሁድ ማታ ቴሌቪዥን በተከፈተ ቁጥር እኒያ እናት ጎረቤት ሰብስበው ቡና አፍልተው ሲጠብቁ እየታየኝ ራቴን በቅጡ አልበላሁም። ብቻ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቢሮ ሳለሁ ማኅተም ነበረኝ፤ ሰው በሬን አንኳኩቶ ነበር የሚገባው። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ከዳቦ ቤቱ ሰልፍ አንድ ጎረምሳ ገፍቶኝ ሲያልፍ ማንም ምንም አላለም። ነጩን ሌንስ ይዤ ስወጣ ግን ሰልፍ የሚባል ነገር አልነበረም።

የዚህ ክብር ዋጋ የተወራረደው ወጌሻ ዘንድ ነው። ወጌሻው ትከሻዬን ሁለት ጊዜ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገና፣ «ምን ስትሸከም ነው የኖርከው? ሲሚንቶ?» አለኝ።

«ሌንስ።»

«ስንት ኩንታል?»

ካሸኝ በኋላ «እስቲ በሌላው ትከሻህ ያዘው» ብሎ መከረኝ። ምክሩን ሰማሁ፤ በሁለት ወሩ ሌላውን ትከሻ ይዤ ተመለስኩ። ባለቤቴ ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ነበራት፣ እሱም «ሽንኩርት» የሚል። ከአትክልት ተራ አምስት ኪሎ ሽንኩርት አምጣ ስትለኝ ወገቤን እያልኩ 20 ዓመት ሙሉ ያመለጥኩትን ታስታውሳለች። ሰው ሲመጣ ቦርሳውን እየጠቆመች «ሽንኩርቱ ያ ነው» ትላለች።

የሚያስቀው እስከዚህ ነው። በ2016 ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ አንድ ጠዋት ለጉዳይ ፒያሳ ወጥቼ ነበር። ያደግሁበት ሰፈር አይደለም፤ ቢሆንም ብዙ የጎረምሳነት ገንዘቤ የቀረው እዚያ ነው። አንድ ቤት ሦስት ግድግዳው ሄዶ አንዱ ብቻውን ቆሟል። አረንጓዴ ቀለም የተቀባው ግድግዳ ላይ የቀን መቁጠሪያ እንደተሰቀለ ነው፤ ነፋስ ገጾቹን ያገላብጣል። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ እንደገና ጥቅምት። ካሜራዬ ቤት ነበር፣ ቁም ሳጥን ላይ ከነክብሩ። ለጉዳይ ሲወጣ ስድስት ኪሎ ማን ይሸከማል? ስልኬን ሳወጣ ባትሪው ሞቷል። ከሰዓት በኋላ ካሜራውን ይዤ ስመለስ ግድግዳው የለም፣ ኤክስካቫተሩም ወደ ሌላው ቤት አልፏል። ያኔ እንኳ ልብ አልገዛሁም፤ ባለ ሚዛኑ ልጅ ገንዘብ እስኪያስከፍለኝ ድረስ።

ሒሳብ ሠራተኛ ልብ ሲገዛ ኤክሴል ይከፍታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ በግራም ስሠራ ሰነበትኩ። መጀመሪያ የተማርኩት ነገር የድሮዬ ካሜራ ሆድ ውስጥ ዘበኛ እንዳለ ነው። ብርሃን በሌንሱ ሲገባ አንድ መስተዋት መንገድ ላይ ቆሞ ይቀበለውና ወደ ላይ፣ ወደ ማያው ይመራዋል። አዝራሩን ስንጫን መስተዋቱ ብድግ ብሎ ያሳልፈዋል። ያ «ቿክ!» የሚለው፣ ቅዳሴ መሃል ሰውን ሁሉ የሚያስገለምጠው ድምፅ፣ አብዛኛው የእሱ መነሳትና መቀመጥ ነው። አሁን ሚረርለስ የሚሏቸው ካሜራዎች ዘበኛውንም የዘበኛውንም ቤት አፍርሰው ብርሃኑን በቀጥታ ያስገባሉ። አካላቸው የቀነሰው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ልሳሳት ነበር። መስተዋት የሌለው ትልቅ ካሜራ ገዝቶ ያንኑ ዓይነት ትልቅ ሌንስ የሚሰካበት ሰው፣ ኮቱን አውልቆ ካፖርቱን የደረበ ማለት ነው። ክብደቱ ያለው ሌንሱ ላይ ነው። ሌንሱ የሚያንሰው ደግሞ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ሲያንስ ነው። የድሮዬ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነበር። ማይክሮ ፎር ተርድስ የሚሉት ዓይነት 17.3 በ13 ነው፤ በስፋት ሩቡን ቢያክል ነው። ጉዳቱም አለ። ጨለማ ላይ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ለሌሊት ማኅሌት አይሆንም። ከሰውየው ጀርባ ያለውንም እንደ ትልቁ አያደበዝዝም። ጥቅሙን ግን በአንድ ቁጥር ልናገር። 40-150 የተባለው ሌንስ በዚህ ሴንሰር ላይ ሲሰካ እንደ 80-300 አቅርቦ ያሳያል፤ ክብደቱም 190 ግራም ነው። ነጩ 1,490 ነበር።

የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ስልክ አይበቃም?» አለችኝ። ይበቃ ይሆናል። ግን በስልክ ደህና ነገር ላነሳ ባልኩ ቁጥር የዕቁባችን ሰብሳቢ ይደውላል።

በዚሁ ፍለጋ ላይ ሳለሁ የኦስካር በርናክን ታሪክ አገኘሁና ልቤ ሞላ። ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው፤ አስም ነበረበት፣ ተራራ መውጣትና ፎቶ ማንሳት ደግሞ ይወዳል። የዚያን ዘመን ካሜራ ከነመስታወት ሰሌዳው አቀበት ሲያወጣው ትንፋሹ እየተቆራረጠ ሲያስቸግረው፣ በሲኒማ ፊልም የሚሠራ በኪስ የሚገባ ካሜራ ሠራ። ላይካ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1925 ገበያ ላይ የዋለው እሱ ነው። 36 በ24 የተባለውም መጠን የመጣው ከዚያ ነው። እንግዲህ ትከሻዬን የሰበረው ካሜራ ሴንሰር ልኩን የወረሰው፣ መሸከም አቅቶት ካሜራን ካሳነሰ ሰው ነው። ይህን ለወጌሻው ነገርኩት፤ «እሱም ሳይታሽ አልቀረም» አለኝ።

ኤክሴሉ በመጨረሻ ያወጣልኝ ይህን ነው፤ ኦሊምፐስ ኢ-ኤም 5 ማርክ ስሪ፣ ከነባትሪውና ከነካርዱ 414 ግራም። 12-45 ሌንስ፣ 254። 45 ሚሊ ሜትር፣ 116። 40-150፣ 190። ድምር 974። ከአንድ ኪሎ 26 ግራም ተረፈኝ፤ «ተመላሽ» ብዬ መዘገብኩት። ኦሊምፐስ የካሜራ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ለሌላ አስረክቦ መውጣቱን ሳነብ ሐሳቤን ልቀይር ይገባ ነበር። እኔ ግን ጡረታ የወጣ ጡረታ የወጣን አይንቅም ብዬ በዚያው ጸናሁ።

አሮጌውን ሊገዛ የመጣው ሠርግ የሚያነሳ ልጅ ነው። ካሜራውን ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ስንት ጊዜ እንዳነሳ ቆጠረ። «ጋሼ፣ የዚህ መዝጊያ የተሠራው ለ150,000 ነው፤ ይሄ ገና 40,000 አልሞላም። ገና ወጣት ነው» አለኝ። ያለ ዕድሜው ጡረታ የወጣው እኔ ብቻ አለመሆኔን ተረዳሁ። ነጩን ሌንስ ሲያነሳ ጎንበስ ብዬ አቧራውን በመሐረቤ ጠረግሁለት። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ሽንኩርቱ ሄደ?» አለች፣ ድምፅዋ ግን ትንሽ ለስለስ ያለ መሰለኝ።

አዲሱን ያመጣችልኝ ከዋሽንግተን የመጣች የአጎቴ ልጅ ናት። ከቫይታሚንና ከልጆች ጫማ መሃል ወትፋው፣ ቀልሎባት ሦስት ቀን ሙሉ ማምጣቷንም ረስታው ነበር።

ዘንድሮ ጥምቀት በጠዋት ጃንሜዳ ገባሁ። ካሜራው ጃኬት ኪሴ ውስጥ ነው። ማንም መንገድ አልለቀቀልኝም። አምና ሕዝብ የገፉልኝ ባለ ምንጣፎች ዘንድሮ የገፉት እኔን ነው፤ «ፋዘር፣ ጠጋ በሉ!» አንድ ሕፃን እጄ ላይ ያለውን አይቶ አባቱን «እንደዚህ ግዛልኝ» ሲለው ሰማሁ። ቅር አላለኝም ብል የእሁዱን ውሸት መድገም ይሆንብኛል።

ጸበሉ ሲረጭ ከፊት ለፊቴ አንዲት ባልቴት የሃይላንድ ጠርሙስ ከፍ አድርገው ይዘዋል። ከሚረጨው አንድም ወደ ጠርሙሱ አልገባም፣ ሁሉም ፊታቸው ላይ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ይስቃሉ። የላይኛው ሽፋሽፍታቸው ላይ ሦስት ጠብታ ተደርድሮ፣ መሃለኛው ሊወድቅ ሲንቀጠቀጥ አነሳኋቸው። ድምፅ የለም፣ አላወቁም። ሁለተኛውን ላነሳ ስል ዓይናቸውን ገለጡ።

«ለምንድን ነው ልጄ?»

«ለራሴ ነው እማማ።»

«ለራስህ ከሆነማ ደህና አድርገህ አንሳ» አሉና ፊታቸውን በነጠላ ጠረጉ፣ ጠርሙሱን ከኋላቸው ደበቁ፣ ትከሻቸውን እኩል አድርገው እንደ ጉርድ ፎቶ ቀጥ አሉ። ያንንም አነሳሁ።

በማግስቱ፣ በቃና ዘገሊላ፣ በስድስት ኪሎ ስመለስ ባለ ሚዛኑ ልጅ እዚያው ነው። ዘንድሮ ለማረፍ አይደለም፤ ላሳየው ፈልጌ ነው። ለአንድ ዓመት አልተሸከምኩም፣ አቀበት ላይ አላላብኩም፣ በእግሬ እሄድበት የነበረውን በታክሲ እየሄድኩ በየካፌው ቁጭ ብዬ ነው ሰው የማነሳው። እጄን ወደ ጎን ዘርግቼ፣ ትከሻዬ ባዶ መሆኑ እንዲታይ አድርጌ ወጣሁ። ልጁ መርፌው ላይ አቀርቅሯል።

«84» አለኝ። «ፋዘር፣ መጀመሪያ ቦርሳውን ያውርዱት።»