ጣሪያ ላይ የፈለቀ ምንጭ

በእኔ ዘመን ጣሪያ የሚሠራው ውሃ እንዳያስገባ ነበር። ልጄ ሂዩስተን ውስጥ የገዛው ተጎታች ቤት ግን ጣሪያው ራሱ ውሃ ያፈልቃል። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ የደመና ዘር ሳይታይ፣ በነሐሴ ፀሐይ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። «አባባ፣ ኤሲው እኮ ነው፤ ኖርማል ነው፤ አይጨነቁ» ይለኛል። እዚህ አገር የሚያፈስ ሁሉ ኖርማል ነው። ኖርማል ያልሆነው የሚያማርር ሽማግሌ ብቻ ነው።

ተጎታች ቤት ለማታውቁ፦ ከመኪና ኋላ የሚታሰር፣ አልጋም ምድጃም ሽንት ቤትም ያለው ጠባብ ሳጥን ነው። ሰው ባለ ሦስት መኝታ ቤቱን ቆልፎ እዚያ ውስጥ ተጣጥፎ ይተኛና ዕረፍት ወጣሁ ይላል። የእኛም ልጆች ይህን ተምረውታል። በጋ በመጣ ቁጥር ጋልቨስተን፣ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ እኔም ከከሰሉና ከታጣፊ ወንበሩ ጋር ተጭኜ እወርዳለሁ።

የዚህ ቤት ጣሪያ መሀሉ ላይ 36 ሴንቲ ሜትር በ36 የሚሆን ቀዳዳ አለው። አውቀው የበሱት ነው። የአየር ማቀዝቀዣውን፣ ኤሲ የሚሉትን፣ ከላይ ያስቀምጡና ከታች በአራት ቡሎን ይወጥሩታል። አዲስ አበባ ሳለሁ ቆርቆሮዬ ላይ ያለችን የሚስማር ቀዳዳ ለመድፈን ሰኔ ሳይገባ መሰላል ለምኜ የምወጣ ሰው፣ አሁን መስኮት በሚያህል ቀዳዳ ሥር ትራሴን አድርጌ እተኛለሁ።

ውሃው ከየት መጣ? ከአየሩ ነዋ። የጋልቨስተን የነሐሴ አየር ትንፋሽ ሳይሆን ሾርባ ነው። ቀዝቅዞ ገና 25 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የያዘውን ውሃ መጣል ይጀምራል፤ ኤሲው ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ ቱቦ ሙቀት ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። አየሩ እሱን ሲነካ ውሃው ይንጠፈጠፋል፤ ከሥሩ ያለው ትሪ ላይ ይጠራቀማል። አሪዞና በረሃ ብንሄድ ኖሮ እምብዛም አይንጠባጠብም ነበር። ልጄ ግን ባሕር ይወዳል። በዚያ ላይ የልጅ ልጆቼ በሩን ከፍተው ይወጣሉ፣ ከፍተው ይገባሉ፤ በከፈቱት ቁጥር አዲስ እርጥበት ይገባል፤ ማሽኑም እሱን ሲጨምቅ ይውላል።

እኔን የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው። ዊሊስ ካሪየር የሚባለው ሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1902፣ እኛ ዘንድ ዳግማዊ ምኒልክ ነግሠው ሳለ፣ ይህን ማሽን ሲነድፍ ዓላማው ሰው ማቀዝቀዝ አልነበረም። ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ የነበረ ማተሚያ ቤት እርጥበት ወረቀቱን እያሳበጠ ቀለሞቹ ቦታቸውን ሳቱበት፤ ካሪየርም እርጥበቱን ከአየሩ ነጥቆ የሚያወጣ ዘዴ አበጀ። እንግዲህ ይህ ዕቃ ከመጀመሪያውም ሥራው ውሃ ማውጣት ነው! ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ ተጎታች ቤት ጣሪያ ላይ ያወጣውን ውሃ ወዴት እናድርሰው ብሎ ያሰበ ግን የለም። የመኖሪያ ቤቱ ኤሲ እንኳ ደንበኛ ቱቦ ተሠርቶለታል። የተጎታች ቤቱ ግን በአብዛኛው ትሪውን በስቶ ውሃውን ጣሪያው ላይ ይለቀዋል። ከዚያ በኋላ እንደ ዕድሉ ነው፤ በግራም ይውረድ፣ በቀኝም ይውረድ፣ በእኔ አንገትም ይውረድ።

በእኔ አንገት ወረደ። ባለቤቴ ከመግቢያው ፊት ከተዘረጋው የሸራ ዳስ ጫፍ ረከቦቷን ዘርግታ፣ ቡናውን ቆልታ፣ አቦሉን ቀድታ ሲኒዬን ስታቀብለኝ አንዱ ጠብታ አንገቴ ላይ፣ ሁለተኛው ሲኒው ውስጥ። ንጹሕ ውሃ ቢሆን ባልከፋኝ። ጣሪያውን አጥቦ ነው የሚወርደው፤ የመንገድ አቧራ፣ የወፍ ኩስ፣ የላስቲክ ብናኝ። በነጩ ግድግዳ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር የሚያሰምረውም እሱ ነው። ሲኒዬ ላይ ግራጫ ነገር ክብ ሠርቶ ተንሳፈፈ። ባለቤቴ አየችው፣ አየችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ወንበርህን ፈቀቅ አታደርግም?» ኤሲውን የሚቆጣ የለም።

ይህ እንግዲህ የውጪው ነው። ወደ ውስጥ የሚወርደው የባሰ ነው። በኤሲውና በጣሪያው መሀል ስፖንጅ የመሰለ ወፍራም ጓርኒሲዮን አለ። ቡሎኖቹ በመንገድ ንዝረት ሲላሉ ጓርኒሲዮኑ ይነሳል፣ ውሃውም በሥሩ ሾልኮ ኮርኒስ ውስጥ ይገባል። ቡሎኑን ያለ ልክ ካጠበቁት ደግሞ የኤሲው መቀመጫ ይጣመማል። ጓርኒሲዮኑ ወደ ግማሽ ውፍረቱ ሲጨመቅ ማቆም ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ሳይጠራ፣ የልጄ ጓደኛ ሲሊኮን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ እኔ ልድፈንልዎት» አለና ዙሪያውን ለጠፈው። አሳምሮ ለጠፈው፤ ውሃው የሚወጣበትንም ቀዳዳ ጨምሮ። መውጫ ያጣው ውሃ ሌሊቱን ብርድ ልብሴ ላይ ወረደ። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይህ ነው።

ጠዋት ልጄ ሲሊኮኑን በቢላ ፍቆ አነሳ፤ ከቀዳዳው ቅጠልና ተርብ የሠራችው ጭቃ ወጣ። ፊልትሮውን ሲያወጣው የልጄ ውሻ ፀጉር ጥቅጥቅ ብሎበታል። ፊልትሮ ሲደፈን አየሩ አያልፍም፣ ቱቦው በረዶ ይሠራል፤ ማሽኑ ሲጠፋ ያ ሁሉ በረዶ ባንዴ ይቀልጥና ትሪውን ያጥለቀልቃል። ይህን እኔ ነኝ ያልኩት፤ የሰማኝ ግን ስልኩ እንደዚያው ሲነግረው ነው።

ቀጥሎ ውሃ ልክ አምጣ አልኩት። ቤቱ በመግቢያው በኩል አጋድሎ ነበር። በክሪክ ትንሽ አንስተን ከመግቢያው ወዲያ እንዲያዘነብል ስናደርገው ጠብታው ከዳሱ ለቆ ወደ ኋላ ሄደ። ብዙ አታጋድሉት፤ ከአልጋ ያንከባልላል። እኔም ልንከባለል ምንም አልቀረኝ።

ጎረቤታችን የነበሩት የቴክሳስ ሽማግሌ ግን ነገሩን ጨርሰውታል። ከኤሲው ሥር ቀጭን ቱቦ ስበው፣ በኋላ በኩል ባለው መሰላል አስረው፣ እስከ ባልዲ አውርደውታል። ስለ አሠራሩ ብዙ አወሩልኝ፤ በእንግሊዝኛ ስለነበር ግማሹን ጨበጥኩ፣ ግማሹን በጭንቅላቴ ተስማማሁ። ልጄም በማግስቱ ቱቦ ገዝቶ እንደዚያው አደረገ። ባልዲው ሲሞላ አየሁ። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሌሊት ተነስቼ ጀሪካን የደረደርኩ ሰው ነኝ፤ እዚህ ከባዶ አየር ባልዲ ሙሉ ይቀዳል፤ ግን አይጠጣም። የአቧራና የሻጋታ እጣቢ ነው። ለአበባ ይሆናል ብዬ ባልዲውን ልወስድ ስል የልጅ ልጄ «አያያ፣ ወገብዎ!» ብላ ነጠቀችኝና መንገድ ላይ ደፋችው። ለወገቤ አዝናለች፤ ውሃው የፈሰሰው ግን ጫማዬ ውስጥ ነው።

ተጎታች ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ ልጆች፣ ሻጩ ስለ ቴሌቪዥኑና ስለ ሶፋው ሲያወራላችሁ አቋርጡት። «ከኤሲው የሚወጣው ውሃ በየት በኩል ይወርዳል?» በሉት። መልስ ካለው ግዙ። ከሌለው ቱቦውን አብራችሁ ግዙ፤ ይህን እስክታደርጉ ድረስ የአባታችሁን ወንበር በሌላው በኩል አስቀምጡ።