ውሃውን በምን ውሃ እንጠበው?

ዛሬ ጠዋት ለቡና ከሮቶው የቀዳሁት ውሃ የኩሬ ሽታ ነበረው። ክዳኑን አንስቼ ግድግዳውን በጣቴ ዳበስ ሳደርገው አረንጓዴ ልጋግ ተከትሎኝ ወጣ። ጀበናውን መለስኩት። በአራዳ አሮጌ ግቢዎች ለምንኖር ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለመድነው እንጂ አልተዋጠልንም።

መነሻው ፈረቃው ነው። ውሃ የሚመጣው በተራ ነው፤ ያውም ሌሊት። ቧንቧው ማፏጨት ሲጀምር ከአልጋ እየወረድን ሮቶውን፣ በርሜሉን፣ ጀሪካኑን እንሞላለን። ከለገዳዲና ከገፈርሳ የሚነሳው ውሃ በክሎሪን ታክሞ ነው የሚለቀቀው። ክሎሪኑ ግን ቀናት ተቀምጦ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠፋል። የእኛ ሮቶ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ አንድ ዘመድ ትቶልን የሄደ ነው፤ ቀለሙ ነጣ ያለ፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ። ብርሃን በፕላስቲኩ ያልፋል፣ አቧራና ቅጠል በስንጥቁ ይገባል። አልጌ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ታዲያ እጠቡት ይላል ያልደረሰበት ሰው። በረኪና ጨምሮ መተው አይበቃም፤ ግድግዳው ላይ የተጣበቀው ካልተፋቀ ክሎሪኑን ራሱ ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ውሃውን መድፋት፣ ቀጥሎ በብሩሽ መፋቅና ማለቅለቅ፣ ከዚያ እንደገና ሞልቶ ለ1,000 ሊትር 5 በመቶ የሆነውን በረኪና 1 ሊትር ጨምሮ ማሳደር፣ በመጨረሻም ያን ሁሉ መልሶ መድፋት ነው። 1,000 ሊትር ማለት ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 50 ጊዜ ማለት ነው። ሌሊት እንቅልፍ አጥተን ያጠራቀምነውን በጠዋት ቦይ ውስጥ ልንለቀው!

ይህን ባነሳሁ ቁጥር አራስ የሆነችው ጎረቤታችን «የልጄን ጨርቅ በምን ልጠብ?» ትላለች። እውነቷን ነው። የግቢያችን ትልቅ እናትም «ክረምቱ ይግባና ከጣራ የምናጠራቅመው ሲኖር ይታጠባል» ይላሉ። እሳቸውም እውነታቸውን ነው። እንዲህ ሁሉም እውነቱን እየተናገረ ሮቶው ይለመልማል።

ባለፈው ዓመት ስናጥበው፣ በአፉ የሚያልፍ ትከሻ ያለው እሱ ብቻ ነው ብለን አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ውስጥ አስገባን። የበረኪናው ሽታ ታፍኖ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ እያሳለው ወጣ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሰው ወደዚያ አይገባም፤ ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ ይበቃል። ብሩሹ እንዲገዛ ከተስማማን ግን ወራት አለፉ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የእኛን ሮቶ ግን ሁሉም ይቀዳበታል፣ ማንም አይሸከመውም። ጥቁር ሮቶ መግዛት ቢያቅተን አሮጌ ጆንያ አልብሶ ከፀሐይ መከለል፣ ክዳኑንም መጠገን ስንት ይጠይቃል? ሁላችንም «እሺ» ብለናል። ጆንያው አሁንም እደጅ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ሐሙስ ሌሊት ቧንቧው ሲያፏጭ እንደ ልማዳችን እንነሳለን፤ ንጹሑን ውሃም በአረንጓዴው ላይ እንገለብጠዋለን። ከውሃ እጥረቱ ይልቅ እኔን የሚያደክመኝ ይሄ ነው።