ጥርሱ የማይታይ በሬ

አበስኩ ገበርኩ! በአረርቲ ገበያ በሬ ስሸጥ ስገዛ አርጅቻለሁ፤ እስካሁን ያታለለኝ የለም። አፉን ከፍቼ ጥርሱን አያለሁ፣ ሻኛውን እዳብሳለሁ፣ አስነድቼ አረማመዱን እመለከታለሁ። አዲስ አበባ የሸጡልኝ ኮምፒውተር ግን አፍ የለው፣ ሻኛ የለው። ከፊቱ አንድ ቁልፍ፣ ከኋላው ቀዳዳ በቀዳዳ። የቱን ከፍቼ ልይ?

ለልጅ ልጄ ትምህርት ብዬ ነው። ለራሴማ ሬዲዮ ይበቃኛል። ኩንታል ተኩል ማኛ ጤፍ ሸጬ፣ ብሩን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ በሞጆ በኩል ሄድኩ።

ሻጩ ጎረምሳ ነው። «አባባ፣ ንጹሕ የዱባይ ዕቃ ነው፤ ስላይትሊ ዩዝድ» አለኝ። ምን ማለት ነው ብለው «ትንሽ ያገለገለ» አለ። ጎኑ ላይ የፈረንጅ መሥሪያ ቤት የንብረት ቁጥር ተለጥፎበታል፤ ስንት ጸሐፊ ጡረታ እንዳስወጣ እግዜር ይወቀው። ዋጋ ቀንስ ብለው «ዶላር ጨምሯል» አለኝ። መጨመሩንማ አውቃለሁ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ አልፏል። ይህ ዕቃ የተሠራው ግን ዶላር 20 ብር ገደማ ሳለ ነው! እኔ ሳረጅ ዋጋዬ ሲወጣ አላየሁም።

ቤት ገብቶ በራ። ልጁ ፈነደቀ። ትንሽ ቆይቶ ፊቱ ጠቆረ።

«አባባ፣ ይሄኮ ስድስተኛ ጄኔሬሽን ነው።»

ጄኔሬሽን ማለት ትውልድ መሆኑን ሲነግረኝ፣ ቆጠራማ የኔ ሙያ ነው ብዬ ተደላደልኩ። እኛ ልጅ ስንድር እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ለካ የማይክሮሶፍት ሽማግሌዎችም ደንባቸው እንደኛው ነው፤ የኮምፒውተሩ አንጎል ኢንቴል ከሆነ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ሰባት ቤት ያላለፈ ከዊንዶውስ 11 ጋር አይጋባም! ዊንዶውስ 10ን ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አሰናበቱት፤ ከዚያ ወዲያ መደበኛ ጥገና የለውም። ፈረንጅ ከቢሮው እየነቀለ የሚያወጣውም፣ እኛ ደጅ የሚደርሰውም ይኸው ጋብቻ የተከለከለው ነው። ልጁ «በጓሮ በኩል ማስገባት ይቻላል» ይለኛል። ጠለፋ በቤቴ አይፈጸምም አልኩት። ሊኑክስ የሚባል፣ በነጻ የሚገኝና ዘር ማንዘር እምብዛም የማይጠይቅ አለ ብሎኛል፤ እሱን እናስብበታለን።

ሌላው ጉድ ቀኑ ነው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር 2016 ይላል። ሁለት ዓመት ብቻ የዘገየ መስሎኝ ታገስኩት፤ ለካ በፈረንጁ ኖሯል! ቀኑ ስለተሳሳተ ኢንተርኔቱም አላስገባም አለው። ስንከፍተው ውስጡ ሳንቲም የምታክል ባትሪ ሞታ ተቀምጣለች። ኩንታል ተኩል ከፍዬ ባትሪዋን አልጨመሩልኝም? በሬ ስሸጥ እኮ ገመዱን እንኳ አልቀማም!

እናንተ ወደ ከተማ የምትወርዱ፣ መጀመሪያ ትውልዱን ጠይቁ፤ ቀጥሎ ነቅላችሁ፣ ጥቂት ቆይታችሁ መልሳችሁ ሰኩና ቀኑን እዩ። ጥርሱ እሱ ነው።

የኔን የሚፈልግ ካለም ቤቴ ይምጣ። ንጹሕ የአረርቲ ዕቃ ነው። ዋጋው ኩንታል ተኩል ነበር፣ አሁን ሁለት ሆኗል፤ ዶላር ጨምሯል።