የምርጊት ቀን፦ በአዲስ ቅዳም ደቦ ላይ የተደረገ ከባድ ጥናት

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ሲኬድ፣ እንጅባራን አልፎ ዳንግላ ሳይደረስ አዲስ ቅዳም ትገኛለች፤ የፋግታ ለኮማ ወረዳ መቀመጫ። የወረዳው ገበሬ ስሙ የተጠራው በዲከረንስ ደኑና በከሰሉ ነው። ይህ ጥናት ግን ሊቃውንት ችላ ያሉትን ሌላ ምርት ይመረምራል፦ ጎረቤት የሚመርገውን የጭቃ ቤት።

የመጀመሪያው ችግር ቀን ማግኘት ነው። በክረምት አይሞከርም፤ የአዊ ዝናብ ምርጊት አያደርቅም። በበጋም ቅዳሜ ገበያ ነው፣ እሑድ ሰንበት። ሚካኤል፣ ማርያምና መድኃኔዓለም በየወሩ የየራሳቸውን ቀን ይወስዳሉ። ጥር 23ማ ጨርሶ አይነሳም፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብርበት ቀን ስለሆነ፣ ፈረሱን ሸልሞ የወጣ ሰው ጭቃ ርገጥ አይባልም።

ከዚህ ሁሉ የተረፈው ቀን፣ በሚያስገርም አጋጣሚ፣ ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይወድቃል። 55 ቀን ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፤ ጿሚው ሠራተኛም ከቀትር በፊት ቁርስ አይጠይቅም። ባለቤቱ ቀኑን የመረጠው ጭቃው ስለደረሰ ብቻ መሆኑን ይናገራል። ጥናቱ ይህን ያለ ተጨማሪ ማስረጃ ተቀብሎታል።

ጭቃው በእርግጥም መድረስ አለበት። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተለውሶ፣ ውኃ እየጠጣ ቀናት ይሰነብታል፤ ሲኮመጥጥ ሽታው ለመንደሩ የጥሪ ወረቀት ነው። በምርጊቱ ዕለት ጎረምሶች ሱሪያቸውን ሰብስበው ይረግጡታል። ከዚያ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ ሆኖ በማገሩ መካከል እየጠፈጠፈ ይጋፋል። የውስጡ ሰው ኃይለኛ ከሆነ የውጩ ሰው ዓይኑን ይጠርጋል። ግድግዳው ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ በሁለተኛ ምርጊት፣ ከዚያም እበት በገባበት ልስን ይደፈናል።

ጥናቱ ረዘም ያለ ጊዜ የሰጠው ግን ለማይመርገው ሰው ነው። በየደቦው አይጠፋም። ከዘራውን ተደግፎ፣ ጋቢውን እንደለበሰ፣ ከግድግዳው አሥር እርምጃ ርቆ ይቆማል። ‹‹ዘሟል›› ይላል። ቱንቢ ተንጠልጥሎ ቋሚው ቀጥ ማለቱ ቢታይም ‹‹ቱንቢው ነዋ የዘመመው›› ይላል።

‹‹አያ፣ እስቲ ይቺን ማገር ይያዙልኝ።››

‹‹እኔማ ከዚህ ስሆን ነው የሚታየኝ፣ ልጄ።››

ጠላው ሲቀዳ ግን ርቀቱ በፍጥነት ያጥራል።

ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ በጻፈው ድርሰት ሦስት ግዴታዎች አሉ ብሏል፤ መስጠት፣ መቀበል፣ መመለስ። አዲስ ቅዳም ውስጥ አንድ ቀን ቢመርግ ኖሮ አራተኛውን ይጨምር ነበር፦ ጠላው ቀጥኗል አለማለት። በደቦ ደጋሹ ያበላል፣ ያጠጣል፣ ሒሳቡ እዚያው የተዘጋ ይመስላል፤ በወንፈል ቀን በቀን ይመለሳል። በተግባር ድንበሩ እንደ አጥር ነው፣ ከብት ይሻገረዋል። መዝገብ የሚይዝ የለም፣ ሆኖም ባለፈው ዓመት ምርጊት ላይ ‹‹ወገቤን›› ብሎ የቀረውን ሰው የማያስታውስ የለም። ፊንላንዶች ታልኮት የሚሉት ተመሳሳይ ልማድ አላቸው፤ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ሰዎች ግን ይህ ጥናት መረጃ የለውም።

ቆርቆሮ ላይ ሲደረስ ጉዳዩ ከደቦ እጅ ይወጣል። አናጢ በብር ይመጣል፣ ጎረቤት ቁልቁል ሆኖ ያቀብላል። ባለከዘራው ቦታውን አይለቅም፤ አንገቱን ብቻ ሽቅብ ያቀናል።

‹‹ስንት ጌጅ ነው ብለው ሸጡለት?››

‹‹ሠላሳ ሁለት›› ይላል አናጢው፣ ሚስማሩን ከአፉ ሳያወጣ።

‹‹ሠላሳ አምስት ነው›› ይላል ባለከዘራው።